ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላው ባልዲ

ሰኞ ጠዋት መካኒኳ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ስትስበው እንደ ወትሮው በቀላሉ ተከፈተላት። የበረዶ ፋብሪካው ፎርማን ከደፉ ሥር ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አንጓ ተልጧል። «ጋሼ!» አለች። ደግማ አልጠራቻቸውም፤ መሞታቸው ያስታውቅ ነበር።

ጮኻ ሰው ከመጥራቷ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገች፤ ያንንም ቀኑን ሙሉ ስትረግመው ዋለች። ወደ ሞተር ክፍሏ ሮጠች፣ የሥራ መዝገቧን ከፍታ የቅዳሜውን ገጽ ቀደደችና አጣጥፋ በቱታዋ ኪስ ከተተችው። በየሰዓቱ የሞተሩን ግፊት እያነበበች፣ የሰማችውንም ድምፅ ሁሉ እየመዘገበች የምትይዘው መዝገብ ነው። የቅዳሜው ገጽ ላይ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ «ቧንቧ ያንኳኳል» ብላለች። የሞተር ክፍሉና ቀዝቃዛው ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የሞተር ክፍሉ በር ግን በግቢው በኩል ስለሆነ ኮሪደሩን አያሳይም። ያንኳኳው ቧንቧ እንዳልነበረ የገባት የተላጠውን አንጓ ስታይ ነው።

ረፋዱ ላይ መርማሪው መጡ። ሆዳቸው ከቀበቶአቸው የቀደመ፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ፣ ሲጠይቁ ግን ፋታ የማይሰጡ ሰው ናቸው። ሬሳውን አዩ፣ ኮሪደሩን አዩ፣ ከዚያ ሦስት ሰዎችን መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ወደታጠረው የምሳ ክፍል አስገብተው በሩን ለአንድ ፖሊስ አስረከቡ።

«ቅዳሜ ዘበኛው ታሞ ቀርቷል፤ ከሟቹ ጋር ሥራ የዋላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ የለም።»

አንደኛዋ መካኒኳ ናት። ሁለተኛው ውሃውን እየመረመረ የሚያሳልፈው ኬሚስት ነው፤ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን ሰው። ሦስተኛው በረዶ እየጫነ ለደንበኛ የሚያደርሰው አከፋፋይ ሲሆን፣ ከክንዱ ውፍረት የተነሳ ጉልቤ ይሉታል።

«የቀዝቃዛው ክፍል ጓጉንቸር ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ጋ» አለች መካኒኳ።

«ሌላ ያለው ሰው?»

«የለም። ግን አልቆለፍኩም፣ ጌታዬ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ጓጉንቸሩ ቅዳሜም ዛሬም ተከፍቶ እንደተንጠለጠለ ነው።»

«በሩ ከውስጥ ሲገፉት የሚከፍት እጀታ አለው። ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ታዲያ ጤነኛ ሰው እጀታው አጠገቡ ሳለ ቁጭ ብሎ ይሞታል?»

«ካልተቆለፈበት በቀር» አለ ጉልቤ ጣልቃ ገብቶ። «ቁልፉም የአንድ ሰው፣ ጸቡም የአንድ ሰው!»

ጸብ መኖሩን መካኒኳ መካድ አልቻለችም። ከሦስት ሳምንት በፊት የአሞኒያ ቧንቧ ተሰብሮ አንድ ጫኚ ዓይኑን አጥቷል። ፎርማኑ ጥፋቱን የጥገና ጉድለት ነው ብለው በእሷ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። እሷም ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄን አልረሳልዎትም!» ብላቸው ነበር። አሁን ያ ቃል ተመልሶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። 

መርማሪው ወደ ኬሚስቱ ዞሩ። «ኮሪደሩ ላይ ባልዲ አለ። ምንድን ነው?»

ኬሚስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የክርክር ነው፣ ጌታዬ። ጋሼን ሊቁ ነበር የምንላቸው። በየምሳው አንድ ጥያቄ ይወረውራሉ። ብረትና እንጨት እኩል ውጭ አድረው ብረቱ ለምን እጅ ላይ ይበልጥ ይቀዘቅዛል? ፍል ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዣ ቢገቡ የትኛው ቀድሞ ይረጋል? እንዲህ እንዲህ። የተረታ የሁላችንንም ብርጭቆ ያጥባል።»

«የቅዳሜው ጥያቄስ?»

«ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላ ባልዲ ላይ በረዶ ይንሳፈፋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይፈሳል ወይስ አይፈስም? ሦስታችን አይፈስም አልን፣ ጉልቤ ይፈሳል አለ። ሊቁ ባልዲውን ኮሪደር አስቀምጠው ‹እስከ ሰኞ ማንም አይንካው› አሉ። እኔ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ኮሪደሩ ላይ የተኛው ውሃ ታዲያ ከየት መጣ?»

«ከባልዲው ነዋ!» ጉልቤ ደረቱን ነፋ። ሰው ሞቶም ክርክሩን ማሸነፉ ደስ ያለው ይመስላል። «በረዶው ከባልዲው አፍ በላይ ቀና ብሎ እያያችሁት፣ ሲቀልጥ የት ሊገባ ነው? በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት! ሰባት ተኩል ላይ ከሊቁ ጋር ስንወጣ ኩልል እያለ ይፈስ ነበር። ‹ይኸው ጋሼ፣ ተረቱ› ስላቸው ሳቁ። አብረን አውቶቡስ ያዝን፤ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ አደባባዩ ጋ ተለያየን። ተመልሰው መጥተው ምን እንዳገኛቸው እሷን ይጠይቋት። እሷ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ነበረች።»

«እኔ እንኳ ፊዚክስ ስወድቅ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ መርማሪው ፈገግ ብለው። «እስቲ አስተምሩኝ።» የቴርሞስ ክዳን አስመጡ፤ ግድግዳው ድርብ ስለሆነ ከውጭ አያልበውም። እስከ አፉ ውሃ ሞሉበት፣ አንድ ቁራጭ በረዶ ጣሉበት፣ የተረፈው ውሃ ፈስሶ ሲያበቃ ዙሪያውን በመሐረብ አድርቀው ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የሜትር ጥቅልል ይዘው ወጡ።

ሦስቱ ሰዎች ክዳኑን ከበው ተቀመጡ። ቆርቆሮው ጣሪያ ግሏል።  መካኒኳ ክዳኑ ምን እንደሚያሳይ ታውቃለች፤ የሚያስጨንቃት ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። ካወጣችው፣ ፎርማኑ ሲያንኳኩ ቁልፍ በኪሷ ይዛ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጣ እንደነበር በገዛ እጇ ትመሰክራለች፤ መቆለፏን ማን ይጠራጠራል? ካላወጣችው የጉልቤ ስምንት ሰዓት እውነት ሆኖ ይቀራል። በየትም ብትዞር መውጫ የለም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ ሊያያት አልፈለገም፤ ነገሩ ያለቀለት መስሎታል።

መርማሪው የፋብሪካውን ባለቤትና ሌላ ፖሊስ አስከትለው ሲመለሱ በረዶው ሟሙቶ አልቋል። ክዳኑ ጢም እንዳለ ነው። ከክዳኑ ሥር ወረቀቱን መዘው ለሁሉም አሳዩ፤ ደረቅ ነበር።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ ኬሚስቱን።

«ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የሚይዘው ቀድሞ ሲገፋው የነበረውን የውሃ ቦታ ብቻ ነው። ባልዲው ያልበው ይሆናል እንጂ አይፈስም።»

«ላብ ደግሞ ባልዲውን ሥሩን ያርሰዋል እንጂ አራት እርምጃ ተጉዞ በር ላይ አይተኛም። ስለዚህ አንደኛ፣ የኮሪደሩ ውሃ የሌላ በረዶ ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ ይፈሳል ብሎ ማመን ስህተት ነው፤ በስህተት ማንም አይታሰርም። ሲፈስ አየሁ ማለት ግን ሌላ ነው። ያልሆነ ነገር በዓይን አይታይም፣ ጉልቤ። ለውሃው አስቀድመህ ምክንያት ልታበጅለት ፈልገህ ነው።»

«መስሎኝ ይሆናል! ውሃ አፈሰስክ ብለው ሊከሱኝ ነው?»

«ቆይ። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደሩ ነው። ከጉልበት በታች አቧራው የታጠበ አራት ማዕዘን አለበት። ትይዩው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ከፍታ፣ መንትያው አለ። በመካከላቸው አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ነው። የበረዶ ቅርጻችሁ ደግሞ አንድ ሜትር ከአሥር። የቀረችውን ሁለት ሳንቲሜትር የሞላችው የእንጨት ሽብልቅ ውሃ መውረጃው አፍ ላይ ተገኝታለች። በሩና ግድግዳው መሐል በረዶ ያጋደመ ሰው ቁልፍ አያስፈልገውም። ግለት ባለበት በዚያ ኮሪደር በረዶው እስኪቀልጥ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። እንዲህ ያለ በረዶ ብቻውን በመቆንጠጫ ጎትቶ የሚያስቀምጥ ከእናንተ ማነው?»

ኬሚስቱ ቀጭን ክንዱን አየ። መካኒኳ የማንንም ፊት ማየት አልቻለችም።

«ለምንስ ብዬ?» ጉልቤ ብድግ አለ። «ሊቁ ምን አደረጉኝ?»

«የአሞኒያውን ቧንቧ የሰበረው ያንተ ጋሪ ነው» አለ ኬሚስቱ ድንገት።  «ቅዳሜ ሊቁ ነገሩኝ። ‹ልጅቷን በድያታለሁ፤ ሰኞ ለባለቤቱ እውነቱን እነግራለሁ፣ ጉልቤን ራሱንም ዛሬ አስጠነቅቀዋለሁ› ብለው ነበር።»

መካኒኳ እንባዋ መጣ። ሦስት ሳምንት ስትረግማቸው ነበር የከረመችው።

«ወሬ ነው!» አለ ጉልቤ። «እስከ ስምንት ሰዓት አብረን አውቶቡስ ውስጥ ነበርን፣ አለቀ! በረዶውን ያጋደመ ከዚያ በኋላ ነው። አልነበሩም የሚል ካለ ይምጣና ይናገር!»

 መርማሪው ወደ ማንም አልዞሩም፤ ግን የሚጠብቁት ሰው እንዳለ ያስታውቃል። መካኒኳ እጇን ኪሷ ከተተች። የታጠፈውን ገጽ አውጥታ ለመርማሪው አቀበለች።

«እዚሁ ነበሩ። ይኸው።»

መርማሪው ገጹን ዘረጉትና ጮክ ብለው አነበቡ። «ስምንት ሰዓት፣ ግፊት ደህና፤ ቧንቧ ያንኳኳል፣ ሦስት ሦስቴ። ዘጠኝ ሰዓት፣ አሁንም ያንኳኳል፣ ዝግ ብሎ። አሥር ሰዓት፣ ቆሟል።»



«ቧንቧ ቆጥሮ አያንኳኳም፣ ልጄ» አሉ መርማሪው ቀስ ብለው።

«አሁን አውቄያለሁ።»

«ለምን ቀደድሽው?»

«እኔ የቆለፍኩባቸው ይመስላል ብዬ። ፈርቼ።»

«ሰው ላይ የቆለፈች ሴት የሟቹን ማንኳኳት በየሰዓቱ አትመዘግብም።» ወደ ጉልቤ ዞሩ። «ስምንት ሰዓት ላይ አደባባዩ ጋ የሸኘኸው ሰው እዚህ ግድግዳ ይመታ ነበር። አሁን አንተ ንገረን፤ አውቶቡሱ ላይ ከማን ጋር ነበርክ?»

 ያ ሁሉ የጉልቤ ክንድ ካቴና ሲገባለት እንኳ አልተወራጨም። «ላስፈራራቸው ብዬ እንጂ ይሞታሉ አላልኩም» የሚል ነገር አጉተመተመ፤ የሰማው ግን የለም።

በሩ ተከፈተ። «ነጻ ነሽ፣ ሂጂ» አሏት መርማሪው። መካኒኳ ግቢውን አቋርጣ እስከ ውጭው በር ደረሰች። የፎርማኑ ሚስት እዚያ በሰው ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩዋት ሁለት እጇን ያዙ።

«አንቺ ነሽ አሉ ያገኘሽው። ወዲያው ነው የሞተው በይኝ፣ ልጄ። አልተሰቃየም በይኝ።»

አዎ ብትል ሁለቱም ይገላገሉ ነበር። አፏ እምቢ አላት።

«አይደለም እትዬ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ግድግዳውን ሲመቱ ነበር። እኔ ወዲህ ማዶ ሆኜ እሰማ ነበር።»

እጃቸው ላላ። «እየሰማሽ? ታዲያ ለምን አልከፈትሽለትም?»

«ቧንቧ መስሎኝ። ቧንቧ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ያንኳኳል።»

«ይሄን ደግሞ ማነው የነገረሽ?»

መካኒኳ ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች።

«እሳቸው ናቸው፣ እትዬ። ድምፁ ያስደነግጠኝ ነበርና እንዳልፈራ ብለው ነው የነገሩኝ።»