ውሃው ብረት ብረት ይላል

ከሻይ ፋብሪካው የቅምሻ ክፍል ወደ ጥገና ክፍል የተላከው የመጀመሪያው ቅጽ እንዲህ ይላል፤ «የብልሽቱ ዓይነት፦ የውሃ ማፍያ። ውሃው ብረት ብረት ይላል።» በሳምንቱ ሁለተኛው ቅጽ መጣ። ያው ማፍያ፣ ያው ብረት። የጥገና ሰዎች ለወሬ የሚቀድማቸው የለምና፣ «ማፍያውስ ደህና ነው፤ የፈላችው ቅጹን የምትሞላው ልጅ ናት፤ ጠጋኙን ፈልጋ ነው» ብለው ተሳሳቁባት።

እሷ እቴ! ያን ሰሞን ለፍቅር የሚሆን ሆድ አልነበራትም። ሆዷ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር።

ልጅቷ ቀማሽ ናት። በረጅም ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ነጭ ስኒዎች በማንኪያ ትጨልፋለች፣ ሹርርር አድርጋ ትስባለች፣ በምላሷ ታንከባልለዋለች፣ ከዚያ ትተፋዋለች። «ይሄ ዝናብ የመታው ቅጠል ነው። ይሄ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ከሳሙና አጠገብ አድሯል» ትላለች፤ ሄደው ሲያዩ እውነትም ሳሙና አለ። በወሩ መጨረሻ የቀማሾች አለቃ ጡረታ ሊወጡ ነው። በሠላሳ ስኒ ፈተና የበለጠ ቦታቸውን ይወስዳል። ይህችን ቀን ስምንት ዓመት ጠብቃታለች፤ ቀኗ ስትቃረብ ነው እንግዲህ ስኒው ሁሉ ብረት የሆነባት።

በመጀመሪያው ቅጽ ማፍያውን ሊያይ የመጣው ጠጋኝ መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ «ባለመፍቻው» ይሉታል። ማፍያውን ፈታታው፣ ጠራረገው፣ ገጠመው። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ቀመሰ።

«እኔ ምንም አላገኘሁበትም። ለእርስዎ ምን ምን ይላል?»

«አንቺ በለኝ፤ አርጅቻለሁ እንዴ? ምስማር የጠባሁ ነው የሚመስለኝ።»

«ምስማር ጠብተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ የዘወትር ሥራዬ ነው። እጄ ሲሞላብኝ አፌ ላይ ነው የምይዘው።» ከኪሱ አንድ ምስማር አወጣና አገላብጦ አየው። «ይሄን ያህላል ወይስ ይብሳል?»

ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ሳትጨርስ ግን አፏን በእጇ ይዛ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። ስትመለስ የማፍያውን ክዳን እንደያዘ ቆሟል። ዓይኑ ብዙ ይጠይቃል፤ እሱ ግን ወንበር ሳበላት። አለመጠየቁ ደስ አላት።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ከዚህ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ሐኪሟ «ስኳር አለብሽ» አለቻት። ከዚያች ቃል በኋላ የተነገራት ሁሉ በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የኪኒኑ ማሸጊያ ላይ «ከምግብ ጋር» ተብሎ ተጽፏል። የቅምሻ ክፍሉ ሕግ ደግሞ ቀማሽ ቅምሻው ሳያልቅ እህል በአፉ አይዞርም ይላል። አለቃው ያወጡት ሕግ ነው፤ ማንም ደፍሮት አያውቅም። እሷም «ሠላሳ ስኒ ሻይ ምግብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው!» አለችና ኪኒኗን ጠዋት ጠዋት ከመጀመሪያው ስኒ ጋር መዋጥ ጀመረች። ሠላሳውንም ስኒ እንደምትተፋው አላሰበችውም።

ማቅለሽለሹንና የሆድ ቁርጠቱን ቻለችው። ነገሩን እንደ እሷው ስኳር ካለባት ከእናቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። የብረቱን ጣዕም ግን ከኪኒኑ ጋር አላገናኘችውም። ስምንት ዓመት ምላሷን አምና ኖራለች፤ ውሸታሙ ማፍያው መሆን አለበት።

በሁለተኛው ቅጽ ባለመፍቻው ሦስት ብርጭቆ ውሃና፣ ብረቱ ከማንኪያው እንዳይሆን፣ አንድ የእንጨት ማንኪያ ይዞ መጣ።

«ብልሽት ሲሰወርብኝ አንድ በአንድ ነው የማስወጣው» አላት። «አንዱ ከማፍያው ነው፣ አንዱ ከእኔ ቤት፣ አንዱ ከሱቅ የተገዛ ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ አልነግርሽም። በይ ቅመሺ።»

ቀመሰች። የመጀመሪያው ብረት። ሁለተኛው ብረት። ሦስተኛውን አፏ ላይ ብዙ አቆየችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ፊቷን ያይ ነበር። ደግሞ ሲያይ! የማወቅ ጉጉት ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ያስቸግራል።

«ሦስቱም ብረት ናቸው» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ማፍያው ነጻ ወጣ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነብሽ?»

በልቧ ቆጠረች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ቀን... ከኪኒኑ ጋር እኩል ነው። ክው አለች።

«አንተ ማፍያ ጠግን ተባልክ እንጂ ሰው ጠግን ተባልክ?» ብላ ጮኸችበት።

እሱ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበ፣ የእንጨት ማንኪያውን ረስቶ ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ በሩ ሲዘጋ ጸጸቷ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት የኪኒኑን ማሸጊያ መሳቢያ ውስጥ ስትከት እናቷ አየቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እስከ ፈተናው ላቆመው ነው፣ እማ። ምላሴን ወሰደብኝ።»

«እኔም ስጀምረው ሆዴ ከበሮ ሲመታ ከርሟል። ሄጄ ለሐኪሞቹ ነገርኳቸው፣ አስተካከሉልኝ። አንቺ ለማን ነገርሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ።»

«ሥራዬን ባጣስ?»

«እግርሽን ብታጪስ?»

ልጅቷ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ መሳቢያውን ዘጋችው። ሁለት ቀን ሳትውጥ ዋለች፤ ብረቱ ያው ነው፣ ፍርሃት ተጨመረበት እንጂ።

ባለመፍቻው ደግሞ የውሃ ሽታ ሆነ። በሌላ ጊዜ በመስኮቷ በኩል ያልፍ ነበር፤ አሁን ዞሮ በጓሮ ይሄዳል። ስኒ ስትቀምስ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። የረሳውን የእንጨት ማንኪያ አጥባ አስቀምጣዋለች። አይደበቅም፤ ናፈቃት። በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን ቅጽ ሞላች፤ «ውሃው ብረት ብረት ይላል።» ማፍያው ደህና እንደሆነ ልቧ እያወቀ። የጥገና ሰዎች ሐሜት ይኸውና ዘግይቶም ቢሆን እውነት ሆነ።

መጣ። ፊቱ ግን ዘመድ የሞተበት ይመስላል። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ደረቅ ብስኩት ነው። ጠዋት ለሚያቅለሸልሽ ሰው ጥሩ ነው አሉኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደስ ያለሽ። ባለቤትሽ ዕድለኛ ሰው ነው።»

«ማን? የማን ባለቤት?»

«እህቴን ጠይቄያት ነው። ጠዋት የሚያቅለሸልሻት፣ አፏ ብረት ብረት የሚላት ሴት ምን ሆና ነው ብላት፣ ‹አራት ወልጃለሁ፣ ይሄንማ አውቀዋለሁ› አለችኝ።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ሳቀች። እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ እንባው ብቻ ቀረ።

«እርጉዝ አይደለሁም። ባልም የለኝም። ስኳር ነው ያለብኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ለባዕድ ሰው መናገሯ ነው። «ኪኒን ጀምሬ ነው እንዲህ የሆንኩት። አንተን የተቆጣሁህም እውነቱን ስላገኘኸው ነው። ይቅር በለኝ።»

ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ።

«ይቅርታ! ደስ ያለኝ በበሽታሽ አይደለም።»

«በምን ነው ታዲያ?»

ጫማውን አየ፣ ማፍያውን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«ባል ስለሌለሽ ነው።»

ማፍያው ፈልቶ ማፏጨት ጀመረ፤ ለማጥፋት ያስታወሰ የለም። ቆይቶ ነው ጠጋኝነቱ ትዝ ያለው።

«ኪኒኑን መቼ ነው የምትውጪው?»

«ጠዋት፣ ከሻይ ጋር። አሁንስ ካቆምኩት ሁለት ቀኔ።»

«ምን በልተሽ?»

«ሻዩስ?»

«የምትተፊው ሻይ?»

ተያዩ። ስምንት ዓመት የሰው ሻይ ስህተት ስታወጣ የኖረች ሴት የራሷን አሁን አየችው። «ወይ እኔ!» አለችና ግንባሯን መታች።

በማግስቱ እሱ ኮሪደር ላይ ሲጠብቃት እሷ ለሐኪሟ ሁሉንም ተናገረች። ሐኪሟ መጀመሪያ በራሷ ፈቃድ በማቆሟ ገሠጸቻት፤ ቀጥላ ማስታወሻ እንድትይዝ አደረገቻት። ለጊዜው መጠኑ ይቀነስ፤ በቁርስ መሐል ይዋጥ፤ ሆዷ ሲለምደው ቀስ በቀስ ይጨመራል። ካልለመደውም ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነት አለ። የብረቱ ጣዕም በብዙ ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። «በሳምንታት» ስትል ልጅቷ ጣቷን ቆጠረች። ፈተናው አምስት ቀን ቀርቶታል።

አሁን የቀሩት አለቃው ናቸው። እያላባት ነገረቻቸው፤ በሽታውንም፣ ብረቱንም፣ ቁርስ መብላት እንዳለባትም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማፍያውን ሦስት ጊዜ ከሰስሽው። ለእኔ አንዴ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሕጉን ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«የቱን ሕግ?»

«ከቅምሻ በፊት እህል አይቀመስም የሚለውን።»

አለቃው ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን ያወጣሁት ጠዋት ጠዋት እህል ስለማያሰኘኝ ነው። ሌሎቹ ፊቴ ሲያላምጡ ሆዴን ያመኝ ነበር። በሉ አላልኩም፣ አትብሉ አልኩ፤ ሠላሳ ዓመት የጠየቀኝ የለም!» ከዚያ ኮስተር አሉ። «ፈተናውን ግን አላራዝመውም። ምላስሽ የሚዋሽበትን ካወቅሽ ቀንሰሽ ቅመሺ።»

ያን ሳምንት ባለመፍቻው ጠዋት ጠዋት ዳቦና እንቁላል ይዞ መጣ። በቁርሱ መሐል ኪኒኗን ትውጣለች፤ እሱ «ዛሬስ ብረቱ ስንት ነው?» ይላታል፣ እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አንድ ጠዋት በእንጨት ማንኪያው ስትቀምስ ገባት። ብረቱ በሁሉም ስኒ ላይ እኩል ነው። እኩል የሆነን ነገር ደግሞ መርሳት ይቻላል። በፈተናው ዕለት ከሠላሳው ስኒ ሁለቱን ሳተች፤ የቀረበቻት ተወዳዳሪ አምስት ሳተች። አለቃው ማንኪያቸውን አስረከቧት፤ ያረጀ ስለነበር አፉ ላይ ተበልቷል።

ብረቱ የጠፋው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ፉት አለች፤ ቅጠል። ደግማ ፉት አለች፤ ቅጠል ብቻ። የምትናገረው ሰው ስታጣ ቅጽ አወጣችና ሞላች፤ «የብልሽቱ ዓይነት፦ የለም። ውሃው ውሃ ውሃ ይላል። ባለመፍቻው ግን ይምጣ።»

እየሮጠ መጣ። ባዶ እጁን ነበር።

«መፍቻህን የት ጣልከው?»

«ብልሽት የለም ተብሎ ተጽፏል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ቁርስ ልበላ።»

«ሆዴ ተሽሎታል እኮ። አሁንማ ብቻዬን መብላት እችላለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ብቻዬን መብላት ያቃተኝ።» ከዚያ በትንሽ ድምፅ ጨመረ። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ቤትሽም ቢሆን፣ ቤቴም ቢሆን።»

ልጅቷ ስኒውን አነሳች፣ እንደ ልማዷ ሹርርር አድርጋ ሳበችው፣ በምላሷ አንከባለለችው። እሱ መትፊያውን አቀረበላት። በእጇ መለስ አደረገችውና፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ዋጠችው።