ሳሎኑን የከፈለው ግድግዳ

ግንበኛው በጠዋት መጥቶ ቢያንኳኳ ቢያንኳኳ መልስ አጣ። በሩን ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ። የቤቱ ባለቤት ወለሉ ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ አጠገቡ ደም የነካው ጡብ ወድቋል። ግንበኛው መዶሻውን ጥሎ እየጮኸ ወጣ።

ሟችና ሚስቱ ሲፋቱ ፍርድ ቤት ቤቱን እኩል ተካፈሉ ብሏቸው ነበር። ሁለቱም አልሸጥም፣ አልለቅም ብለው ድርቅ ስላሉ ሳሎኑ መሀል ለመሀል ግድግዳ ተገነባበት። ከተጣሉ አይቀር እንዲህ ነው መጣላት፤ ሲያስነጥስ እንኳ ትሰማዋለች። ጡቡም ከዚያ ሥራ የተረፈ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የማትገባበት ቀዳዳም የለም። በሩ አጠገብ ያለውን አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ተጫነችው፤ አምፖሉ አልበራም። ግድግዳው ላይ በችኮላ የተጠረገ ሰማያዊ ጠመኔ አየች። ወደ ሟች ታላቅ ወንድም ዞረች።

«ትናንት መጥተው ነበር?»

«እስከ አጥሩ በር ብቻ። ሊመሽ ሲል በመስኮት አየሁት፤ ተነሥቶ ያንን ማብሪያ ሲጫን መብራቱ በራ። ደህና ነው ብዬ ስመለስ ያቺ የፈታችው ሚስቱ ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት።»

«ወደ ውስጥ አልገቡም?»

«እግሬ አልረገጠም! ይልቅ እሷን ያዙልኝ። ‹ከዚህ ቤት ሬሳህ ነው የሚወጣው› ስትለው ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

የቀድሞ ሚስቱ በራሷ ግማሽ ቤት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፖሊስ በሯ ላይ ቆሟል።

«ብያለሁ፤ ተናድጄ ነው። እህቴ፣ ሊወስዱኝ ነው? እኔ ከታሰርኩ ይኼንንም ይቀሙኛል። ሌላ መግቢያ የለኝም።»

«ትናንት ከማዶ ምን ሰማሽ?»

«የሆነ ነገር ዱብ አለ። ከዚያ ዝም። ሲመሽ ሲመሽ ግድግዳውን ያንኳኳ ነበር፤ ትናንት ግን አላንኳኳም። ሄጄ እንዳላይ ፈራሁ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እንደለጠፍኩ ነጋ።»

«ለምንድን ነው የሚያንኳኳው?»

ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። መርፌ ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

ግንበኛው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ይጠርጋል።

«ምን ልትሠራ ነበር የመጣኸው?»

«በር ልከፍት፤ ግድግዳው ላይ። ትናንት በጠመኔ ምልክት አድርጌ ነበር። ‹አንተ ቅደድ እንጂ እሷን እኔ እለምናታለሁ› ብሎኝ ሳቀ።»

«ይኼን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ወንድሙ። ስወጣ አጥሩ በር ላይ አግኝቼው ነገርኩት። የምሥራች መስሎኝ!»

ሲመሻሽ መርፌ ሁሉንም ሟች በነበረበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሴትየዋ ብቻ እዚያ አልገባም ብላ ከማዶ ቀረች። ክፍሉ ጨልሟል፤ ደሙ ያለበትን ቦታ ላለመርገጥ ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ይዟል።

«እስቲ ወንድምዎ እንዳደረገው መብራቱን ያብሩልን» አለች መርፌ።

ሰውየው ማብሪያውን ተጫነ። ቀጭ አለ እንጂ አልበራም። ደገመው።

«አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል።»

መርፌ ግድግዳውን አንኳኳች። ከማዶ አጭር ጩኸት ተሰማ፤ ሁሉም ደነገጡ። ትንሽ ቆይቶ አምፖሉ ቦግ አለ።

«ሳሎኑ ሲከፈል አምፖሉ ለሱ፣ ማብሪያው ለሷ ደረሰ። እርስዎ የተጫኑት አዲስ ነው፤ ገመድ ገና አልተቀጠለለትም። ወንድምዎ መብራት ሲፈልግ ያንኳኳል፤ ፈትታውም እንኳ ታበራለታለች። ስለዚህ ይኼን ተጭኖ ሲያበራ አላዩም። ትናንት ደግሞ ሳይመሽ ሞቷል፤ አላንኳኳማ።»

«ተሳስቼ ነዋ!»

«ወንድምዎ ልጅ የለውም፤ ግማሹን ቤት ለመውረስ ይጠብቁ ነበር። በር ከተከፈተ ይታረቃሉ፣ እርስዎም ባዶ እጅዎን ይቀራሉ። ገደሉት፤ ማንም እንዳያውቅ የበሩን ምልክት ጠረጉ፤ ከዚያ በሷ ላይ አሳበቡ። እግሬ አልረገጠም ካሉ፣ እጅጌዎን ይገልብጡልኝ።»

ሰውየው አልገለበጠም። ፖሊሱ ገለበጠለት። በኮቱ እጅጌ ጫፍ፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ሰማያዊ ዱቄት ነበር።

«ቤቱ ለሷ ከሚሆን...» አለ።

መርፌ በውጭ ዞራ ወደ ሴትየዋ ገባች። አንድ እጇ ማብሪያው ላይ እንዳለ ቆማለች።

«አትታሰሪም። ከቤትሽም የሚያስወጣሽ የለም» አለቻት መርፌ። ስለ በሩም ነገረቻት።

ሴትየዋ ግድግዳውን አየችው።

«ሊተኛ ሲልም ያንኳኳ ነበር» አለች። «አሁን መቼ ላጥፋው?»