ያልቸኮለችው ቆራጭ

«የእናትሽን ማዕረግ ንገሪኛ!» አለች ቤርሜት እስክሪብቶዋን አየር ላይ አንጠልጥላ። «‹ዋና ቆራጭ› ልበል ወይስ ‹የቁርጥ ክፍል ኃላፊ›? የቅዳሜው ድግስ መሪ የሚያነበውን ካርድ ዛሬውኑ ጻፉልኝ ብሏል።»

ጂፓር የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። እውነቱን ለመናገር ሦስት ደቂቃ ይተርፋል። «እናቴ ሥራ ትታለች» ማለት ሦስት ቃል ብቻ ነው።

«ዋና ቆራጭ በይ» አለች። እሱም ሦስት ቃል ነው።

«በሥሯ ስንት ሰው አለ? አርባ?»

«አርባ ሁለት።»

«ወይኔ! የኔ እናት እኔን አንዷን ማዘዝ አቅቷት!» ቤርሜት ጻፈች፤ «አርባ ሁለት» የሚለውን ሁለቴ አሰመረችበት።

ቅዳሜ የቤርሜት ታናሽ እህት የአይፔሪ እግር ማስፈቻ ነው። አይፔሪ ዓመት ሞልቷታል፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ በሦስተኛው ትቀመጣለች። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ቁርጭምጭሚቱ በጥቁርና በነጭ የተገመደ ክር ይታሰርና አንድ ሰው ክሩን ይቆርጥለታል። ልጁ ደግሞ በጠባዩ ክሩን በቆረጠለት ሰው ይወጣል። ስለዚህ መቀሱ ለማንም አይሰጥም። ለሰነፍ አይሰጥም፤ ለነዝናዛ አይሰጥም፤ ከባሏ ጋር በረንዳ ላይ ለምትጨቃጨቅም አይሰጥም። ገጠር ቢሆን ሕፃናት ተሯሩጠው የቀደመው ነበር የሚቆርጠው። ቢሽኬክ ከተማ ዳር ያለው የነጂፓር ሰፈር ግን ከሰለጠነ ቆይቷል፤ ልጆቹ የሚሮጡት ለከረሜላ ነው፣ መቀሱ የሚሰጠው ለክብር እንግዳ ነው።

የሰፈሩ የክብር እንግዳ ደግሞ ከአሥር ዓመት ወዲህ አንድ ሰው ናት፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ዋና ቆራጭ አናራ፣ የጂፓር እናት። ስልሳ ተደራራቢ ጨርቅ በመቁረጫ ማሽን በአንድ ጊዜ ስትቆርጥ እጇ ንቅንቅ አይልም። «ልጄ በአናራ ይውጣልኝ» ያላለ ወላጅ በሰፈሩ የለም ማለት ይቻላል።

ይህች አናራ ከሦስት ሳምንት በፊት ትልቁን መቀሷን በጋዜጣ ጠቅልላ ቤት ገባችና ጫማዋን እያወለቀች «በቃ፣ ጨረስኩ» አለች። «ለዛሬ ነው?» አለች ጂፓር። «አይ፤ ኡላን እስኪያድግ» አለች እናቷ። ኡላን የአሥር ወር ልጅ ነው፤ ያን ሰዓት የአባቱን ካልሲ እያኘከ ነበር።

ሰፈሩ ይህን ዜና ዝም ብሎ አልዋጠውም። አንዱ ታማለች አለ። ሌላው ባሏ ቀንቶ ነው አለ። ጎረቤታቸው አክስት ጉልባራ ደግሞ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው አንድ ብልቃጥ ማር ይዛ መጣች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባረሩሽ አይደል?»

«ኧረ ጉልባራዬ! ኬክ ቆርሰው ነው የሸኙኝ።»

«ኬክማ ለተባረረም ይቆረሳል።»

«ራሴ ነኝ የተውኩት።»

«ሳማት ነዋ ያስተወሽ!» ጉልባራ ወደ ጂፓር አባት ዞረች። ሳማት ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስለሚከራከር ቤት ውስጥ ክርክር አይወድም።

«እኔ?» አለ ሻዩን እየጠጣ። «እኔማ ተበደልኩ እንጂ። ካልሲዬን የት እንደምጥል ያወቀችብኝ ገና አሁን ነው።»

ጉልባራ ማሩን ትታ ሄደች፤ ያላመነች መሆኗ ከአካሄዷ ያስታውቅ ነበር።

ጂፓርን ያስቸገራት ግን የጉልባራ ወሬ አልነበረም። ያስቸገራት እናቷ ደስተኛ መሆኗ ነው። ብትታመም ወይም ብትባረር ለሰው ለማስረዳት ይቀል ነበር። አናራ ግን መሬት ላይ በጉልበቷ እየዳኸች ኡላንን ታባርራለች፤ ትዘፍናለች፤ ነጭ ሸሚዞችን ከቀይ ፎጣ ጋር አጥባ ቤተሰቡን ሁሉ ሮዝ አልብሳዋለች፤ ከዚያ ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ቤት ውስጥ ከሙያዋ የቀረላት ቦርሶክ፣ በዘይት የሚጠበሰው ሊጥ፣ ብቻ ነው። ሊጡን በዚያ በትልቁ መቀስ ካሬ ካሬ አድርጋ ስትቆርጠው አንዱ ካንዱ በፀጉር አይበላለጥም። ዘይት ውስጥ ሲነፉም እኩል ነው የሚነፉት፤ እንደ ተሰለፉ ተማሪዎች።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ጂፓር «የአርባ ሁለት ሰው አለቃ ልጅ» ናት። የአለቃ ልጅ ስትሆን ሰው ሲያወራሽ ድምፁ ይለሰልሳል። ሮዝ ሸሚዝ ለብሰሽ ብትመጪ እንኳ «የውጭ ፋሽን ነው?» ብሎ ይጠይቅሻል እንጂ አይስቅብሽም።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሊጥ ትቆርጣለች፤ ኡላን የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ለመቆም ይታገላል።

«ለነቤርሜት ነገርሽልኝ?» አለች አናራ ቀና ሳትል።

መልእክቱን ከሰጠቻት ሳምንት ሆኖታል። «እኔ ደውዬ ብነግራቸው ይሉኝታ ይዟቸው ‹ምን ችግር አለው› ይሉኛል። አንቺ ለቤርሜት ንገሪያት፤ ሌላ ሰው ከፈለጉ አልቀየምም። ልጃችን ቤት በዋለች ሴት አትውጣብን ቢሉ መብታቸው ነው» ብላ ነበር። ይህን ስትል ፈገግ ብላለች፤ ነገር ግን መቀሷን በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውል ጂፓር አይታታለች። ንጹሕ መቀስ ነበር።

«ነገርኳቸው» አለች ጂፓር አሁን።

«እና?»

«ችግር የለውም አሉ።»

አናራ ቀና አለች። «ችግር የለውም አሉ? እንደዚያ አሉ?» ፊቷ በራ። ጂፓር ሰው ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እናቷ በዱቄት እጇ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋት ዘፈኗን ቀጠለች።

«እማ» አለች ጂፓር ጉንጯን እየጠረገች። «ግን ለምን ተውሽው? እውነቱን።»

መቀሱ ቆመ። «ያንቺን ክር ማን እንደቆረጠው ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እናት የልጇን አትቆርጥም። እሱስ ይቅር፣ አላየሁትም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትዕዛዝ ነበረብን፤ በምሳ ሰዓት ሮጬ እደርሳለሁ ብዬ አርባ ደቂቃ ዘገየሁ። ልብሴን ብጥስጣሽ ክር ሞልቶት ስገባ አንቺ እየሄድሽ ነው። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ክሩን የቆረጡልሽ አያትሽ የተቆረጠውን ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ክሩን አውቀዋለሁ። እርምጃውን አላውቀውም።»

ኡላን ቀሚሱ አምልጦት በቂጡ ተቀመጠና ሰው እንደ ገፋው ሁሉ ዙሪያውን በጥርጣሬ አየ።

«ሥራዬን ጠልቼ አይደለም» አለች አናራ። «ወድጄው ነው የኖርኩት። የዚህኛውን እርምጃ ግን ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም።» ከዚያ ሊጧ ላይ ጎንበስ አለች። «ይልቅ ዘይቱን አሙቂልኝ። ወሬ በዝቶ ካሬዬ ተጣመመ።»

አልተጣመመም ነበር።

ቅዳሜ የነቤርሜት ግቢ ከጠዋት ጀምሮ ተጨናነቀ። የሻይ ማፍያው ሳሞቫር ይጨሳል፤ ድምፅ ማጉያው «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል፤ የድግሱ መሪ የሚያብለጨልጭ ኮት ለብሶ ራሱን በመኪና መስታወት ያያል። የቤርሜት ወንድም አዛት በአንድ እጁ ኬክ፣ በሌላው ኳስ ይዞ በእንግዶች መካከል ይበርራል። አናራ ኡላንን ታቅፋ፣ መቀሷን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልላ ገባች፤ ሴቶቹ ተነሥተው የክብር ቦታ ሰጧት።

ቤርሜት ካርዱን ለጂፓር አሳየቻት። በወርቃማ ቀለም ነው የተጻፈው። «አርባ ሁለት ሠራተኞችን የምትመራው፣ ለአፍታ እንኳ የማታርፈው ዋና ቆራጭ!»

«ለአፍታ የማታርፈው የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች ቤርሜት። «አሪፍ ነው አይደል?»

ጂፓር ወደ እናቷ አየች። አናራ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ኡላን ጭኗ ላይ ቆሞ አፍንጫዋን ይዟል። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አርፋ አታውቅም። ትንሽ ቆይቶ የድግሱ መሪ ካርዱን በድምፅ ማጉያ ሲጮህ ያ ፊት ምን እንደሚሆን ጂፓር አሰበችው።

«ቤርሜት፣ አታስነብቡት።»

«ምን?»

«እናቴ ሥራ ትታለች።»

ቤርሜት ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች። «መቼ?»

«አንድ ወር ሊሞላት ነው። ንገሪያቸው ብላኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ከፈለጋችሁ አትቀየምም። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

«አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? በወርቅ ቀለም ጽፌ! ደግሞ ለኔ? እኔ ማን ምን እንደሚያወራብሽ ሳይቀር እየነገርኩሽ!»

«አፍሬ ነው።»

«በምን?»

ጂፓር ራሷን ቁልቁል አየች። ከሮዝ ሸሚዟ በስተቀር የሚያሳፍር ነገር አላገኘችም።

«ምንድን ነው ጉርምርምታው?» ከኋላቸው የቤርሜት አያት ሳይራ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሰፈሩ ሰው «ጆሯቸው ከብዷል» ይላል፤ ጆሯቸው የሚከብደው ግን ሥራ ሲታዘዙ ብቻ ነው። «አናራ ሥራ ተወች ነው የምትሉት?»

«አዎ እማማ» አለች ጂፓር መሬት መሬት እያየች። «ሌላ ሰው ከፈለጉ…»

«ቆይ። አሁን ቤት ነው የምትውለው?»

«አዎ።»

«ሻይ ሲቀርብላት ትቀመጣለች?»

«ትቀመጣለች።»

«ተመስገን!» አሉ ሳይራ ከዘራቸውን መሬት መትተው። «የዚህን ክር የቆረጠችው እሷ ናት» ብለው በአጠገባቸው ሽው ያለውን አዛትን በከዘራቸው ጠቆሙ። «አሥር ዓመት ሆነው። በምሳ ሰዓት መጣች፣ ቀጭ አድርጋ ቆረጠች፣ ጫማዋን ሳታስር ሮጣ ሄደች። ይኸው! ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ሰሃን ሾርባ ተቀምጦ አልጨረሰም። ይቺኛዋ እንኳ እንድትቀመጥልኝ ብዬ ሌላ ሰው ጥሩ ስላቸው ‹የለም፣ አለቃ ናት› ብለው አፌን አስዘጉኝ። አሁን ነው መቀሱ ለሷ የሚገባው! ካርዱን ቀይሩት።»

ቤርሜት እስክሪብቶውን ለጂፓር ወረወረችላት። «ራስሽ ጻፊ። ወርቃማው ቀለም አልቋል። ያንቺን ጉድ ደግሞ ሰኞ እንነጋገራለን።»

«እሺ።»

«ሰኞ ብቻ አይደለም። ማክሰኞም።»

ጂፓር ካርዱን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች።

የድግሱ መሪ ካርዱን አየው፤ አገላበጠው፤ ወርቁንና ሰማያዊውን አስተያየ። ሳይራ ከዘራቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክሩን የምትቆርጥልን… አናራ! የጂፓርና የኡላን እናት! ዛሬ አትቸኩልም!»

ግቢው ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። አክስት ጉልባራ ከሁሉም አስበልጣ ማጨብጨቧ ምን ለማለት እንደሆነ አልታወቀም። አናራ ተነሣች፤ ኡላንን ለጂፓር አስታቀፈች፤ ዓይኗን ግን ከጂፓር ፊት ላይ አላነሣችም።

«ዛሬ ነው የነገርሻቸው?» አለች በሹክሹክታ።

«አሁን።»

«አፍረሽብኝ ነበር?»

«ነበር።»

አናራ የጂፓርን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለች፤ ኮሌታው ምንም አልሆነም ነበር። «ቤት እንነጋገራለን» አለችና አይፔሪ ፊት ሄዳ ተንበረከከች። መቀሱን ከጨርቁ ፈታች። ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ልጅቷን «እንዴት ነሽ የኔ እመቤት?» አለቻት፤ መልስም ጠበቀች። ከዚያ በቀስታ ቆረጠች። አይፔሪ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ በሦስተኛው እንደ ልማዷ ተቀመጠች። ሳይራ ከማንም በላይ ደስ አላቸው።

ሻይ ቀረበ። አናራ አንድ ስኒ ጠጣች፣ ሁለት ጠጣች። ሦስተኛው ሲቀዳላት ጀርባዋን ለግቢው ሰጥታ ስለ ሮዝ ሸሚዞቹ ታወራለች፤ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ጂፓር ከምንጣፉ ጫፍ ሆና ኡላንን አቁማዋለች። ሁለት ጠቋሚ ጣቶቿን ጨብጧል። ድንገት አንዱን ለቀቀ። ቀኝ እግሩን አነሣ፣ አየር ላይ አቆየው፣ የት እንደሚያሳርፈው የሚያስብ ይመስል ነበር። የቀረው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ እሱንም ሊለቀው መዳፉ መላላት ጀምሯል።

ጂፓር ጣቷን አጥፋ የሕፃኑን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ቆይ ጌታው፣ ትንሽ ቆይ» አለችው። ከዚያ በሣቁ ሁሉ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እማ!» ስትል ተጣራች። «እማ፣ ዙሪ!»

እናቷ ስኒውን አስቀምጣ ሙሉ በሙሉ እስክትዞር ድረስ አልለቀቀችውም።