ግማሽ ግማሽ የተነጠፈው ሪንግ

«ነገ ጠዋት» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ለጥፈው፤ «እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እቅፍ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ይዞ እንዲገኝ በጥብቅ ታዟል!»

ተማሪው በጠዋት ሰልፍ ላይ ነበር። በዚህ ድምፅ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የሰው ሞት ነበር። በሆሳዕና ከተማ ጓሮዎች ደግሞ ደረቅ የእንሰት ቅጠል የሌለበትን ቤት መፈለግ ከባድ ነው።

ቅጠሉ የተፈለገው ለዘውድ በዓል ነው። አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሰው በደሞዝ የሚቧቀሱ ሁለት ቦክሰኞች ከአዲስ አበባ ሊያመጡ ነው። ከእነሱ በፊት ከትምህርት ቤቱ ሁለት ተማሪዎች ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው ከአቶ ሽብሩ ጋር ሄዶ፣ እዚያው እየተማረ ቦክስ ይሠለጥናል። ሁለቱ ተማሪዎች ማቴዎስና አክሊሉ ነበሩ።

ማቴዎስ ክንድ ነበረው። አክሊሉ እግር ነበረው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እግሩ ነው።

«እዩት እስቲ!» ይላሉ የስፖርት አስተማሪው ጋሽ ጥሩሰው። «የልብስ ስፌት መኪና መርፌ በሉት! መሬቱን ነክቶ አይነካውም!»

ስለ ማቴዎስ ክንድ ሲጠየቁ «ደህና ነው» ይላሉ።

የማቴዎስ የገዛ እናት እንኳ፣ አክሊሉ ለጥናት ሲመጣ ቂጣውን ለእሱ ትልቁን ትቆርሳለች። «አየህ፣ ሲበላ እንኳ ልብሱን አያቆሽሽም» ትላለች። ማቴዎስ አክሊሉን ሊጠላው ብዙ ሞክሯል። አክሊሉ ግን ለጥላቻ አይመችም፤ ማስመሪያውን ሳይጠየቅ ያውሳል፣ ሲሰድቡት ይስቃል። እንደዚህ ያለ ልጅ ላይ መቅናት በጣም ያደክማል።

የበዓሉ ዋዜማ ሪንጉ ሜዳው መሃል ተተከለ። አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ቆመ፤ ዙሪያውን የቃጫ ገመድ ተወጠረ። ወለሉ ላይ ቅጠል ተነጥፎ የጭነት መኪና ሸራ ይለብሳል። ጋሽ ጥሩሰው ስለ ፍትሕ ሲያስቡ አድረው ነበርና ሁለቱን ልጆች ጠሩ።

«ሌላ ሰው ካነጠፈው ነገ አንዳችሁ ያማርራል። ራሳችሁ አንጥፉት። ይሄን ግማሽ አክሊሉ፣ ያንን ግማሽ ማቴዎስ። ውፍረቱ አንድ ጣት። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?»

አክሊሉ ከሰዓት በኋላ ድርሻውን ጨርሶ፣ በላዩ ሸራውን ስቦ ሄደ። ማቴዎስ ሲደርስ ከገመዱ ውጭ አንድ ትልቅ የቅጠል ክምር አገኘ። የተረፈ መሰለው። የራሱን ድርሻ አነጠፈና ክምሩን ቆሞ አየው።

ለስላሳ መሬት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቆሞ የሚመታን ሰው ምንም አይለውም። የሚዘልን ሰው ግን ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል፤ ሁለት ዙር ሳይሞላ እግሩ እርሳስ ይሆናል። ሪንጉን የሚሠራ ሰው ወለሉን እንደፈለገ እያነጠፈ ማን እንደሚያሸንፍ ሊመርጥ ይችላል፤ ያውም ማንንም ሳይነካ።

ክምሩን በሙሉ ጨመረው። ከላይ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሸራውን ዘረጋ።

በማግስቱ የአውራጃው ሹም መጡ፣ መምህራን ከረባት አሰሩ። አቶ ሽብሩ ገመዱን በሁለት ጣት ነካ አድርገው «ከአዲስ አበባው በምን ያንሳል!» አሉ። ጋሽ ጥሩሰው ዳኛ ስለሆኑ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተመታ።

ማቴዎስ ወደ ራሱ ግማሽ እያፈገፈገ አክሊሉን ጠራው። አክሊሉ ግን አይከተልም። እሱም ወደ ራሱ ግማሽ እያፈገፈገ ማቴዎስን ይጠራል። ሁለቱም ወደ ኋላ ሲሄዱ ሕዝቡ ግራ ገባው።

«ተፋቅራችኋል ወይ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ተቃቀፉና ይለቅላችሁ!»

ማቴዎስ አፈረና ተከትሎት ሄደ። እዚያ አክሊሉ መርፌ ሆነበት፤ ሦስቴ መታውና አንዴም አልተያዘም። ማቴዎስ መሬቱ ጠነከረበት፤ ሲረግጥ ጉልበቱ ድረስ ይሰማዋል። ፍርሃት ነው ብሎ አሰበ።

በሁለተኛው ዙር አክሊሉን በትከሻው እየገፋ ወደ ቅጠሉ አመጣው። አክሊሉ አንዴ ዘለለ። ሁለተኛውን ሲዘል ግራ እግሩ ሰመጠና ተጠመዘዘ። ማቴዎስ ጎኑን መታው። አክሊሉ በጉልበቱ ወደቀ።

«አይ የአዲስ አበባ አራዳ!» ብሎ ሜዳው ሳቀ።

ከሳቁ በላይ አንድ ድምፅ ወጣ። «ልጄ! ልጄ ማቴዎስ! በለው!» እናቱ ነጠላዋን እያውለበለበች ቆማለች። በሕይወቱ ሊሰማው የፈለገው ይሄን ድምፅ ነበር። አሁን ሲሰማው የሌላ ሰው ልጅ የምትጠራ መሰለው።

ቸርኬው ተመታ። አክሊሉ እያነከሰ ወደ ጥጉ ሄደ። ውሃ ሲያቀብሉት እግሩን አልነካም፤ ሪንጉንም አልከሰሰም።

ማቴዎስ ወደ ጋሽ ጥሩሰው ሄደ። «ጋሼ፣ ወለሉ ልክ አይደለም።»

«ምን?»

«በእኔ በኩል ቅጠሉ በዝቷል። እኔ ነኝ ያበዛሁት።»

ጋሽ ጥሩሰው በሹሙ በኩል ፈገግ እያሉ በጥርሳቸው መሃል ተናገሩ። «ዝም በል! እያሸነፍክ ነው። መድረኩን አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው።»

«አላዩትም፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ! አዲስ አበባ መሄድ አትፈልግም?»

ይፈልጋል። ትናንት ማታ በሕልሙ ሄዷል። ጓንቱን በጥርሱ ፈቶ ጣለና ተንበረከከ። የሸራውን ጥግ ከግንዱ ፈታ፤ ጠቅልሎ እየገፋ ወደ መሃል ሄደ። ቅጠሉ እንደ ትራስ ብቅ አለ። ከሕዝቡ መሃል «ኧረ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቱ ነጠላዋን አወረደች።

ማቴዎስ ቀና አላለም። የትርፉን ልክ ለማወቅ ከሌላው ግማሽ ጋር ማስተያየት ነበረበትና ሸራውን ከመሃሉ መስመር አሳልፎ ገፋው።

እዚያ ቅጠል አልነበረም። አንድም። ጠንካራ ቀይ መሬት ብቻ፣ ላዩ ላይ የመጥረጊያ ጭረት እንደ አዲስ የተበጠረ ጸጉር ተሰልፎ። ትናንት ከገመዱ ውጭ ያገኘው ክምር የተረፈ አልነበረም።

ጋሽ ጥሩሰው ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ አልነፉትም። ማቴዎስ አክሊሉን አየው። አክሊሉ ሲሰደብ እንደሚስቀው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከበርጩማው ተነሣ፣ እያነከሰ መጣና የሸራውን ሌላ ጫፍ ያዘ።