በጎን የወረደው ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነበርሁ፣ ዛር አየሁ ጋኔን አየሁ የሚለውን ሁሉ ጠላ አብዝተሃል እያልሁ የማሾፍ፣ ስለዚህ ወዳጄ ይህን የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ ነውና ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ሙያዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በጣሊያን ዘመን ቡሬ ምሽግ ውስጥ ሥዕል የሚወድ አንድ ጣሊያን ሻምበል ነበር፣ ወሬዬን ሰምቶ አስጠራኝና በዚያ ስብርብር ባለ አማርኛው «አንተ ቅዱሳን ትሥላለህ፣ አሁን ከእኔ ጋር ተራራ ትሥላለህ» አለኝ፣ እንግዲህ እምቢ አይባል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ሸራ ተወጥሮ፣ እሱ በአንዱ እኔ በአንዱ፣ ማዶ ያለውን ጋራ እንሥላለን። መቼም የእኔ ነገር ያስቅ ነበር፣ ጥላ ሥዬ አላውቅማ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ጥላ ሲኖረው አይተሃል? እሱ ግን «ጥላው የታለ?» እያለ ይጮኽብኛል፣ ጥላ በሰማያዊ ነው የሚሣለው ብሎም ጥቁሩን ቀለሜን ነጥቆኛል። ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ጥላውን ሳበጅ ደመና መጥቶ ይወስደዋል፣ ሳጠፋው ፀሐይ ትወጣለች፣ እጄ አንድ ቦታ አያርፍም።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጥሩነህ ከአርበኞች ጋር የተደበቀው እዚያው ጋራ ላይ ነው። ሻምበሉ ሥዕል ወዶ ይሁን የጋራውን መውጫ መግቢያ ሊያጠና፣ ማን ያውቃል? ስለዚህ የማውቀውን የእግር መንገድና ዋሻ ሁሉ እየዘለልሁ ባዶ ጋራ እሥል ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ጋራውን አይቼ ወደ ሸራዬ ስመለስ፣ ጋራው አናት ላይ ከሣልሁት ዋርካ ሥር ሰው ቆሟል። ሸራዬ ላይ ነው የምልህ፣ ጋራው ላይማ ማንም የለም። ጣት የሚያክል ሰው፣ ትከሻው ላይ ጥቁር የበግ ለምድ ጣል ያደረገ፣ ፊቱ በጎን፣ ዓይኑም አንድ። በእኛ ሙያ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና የእሱ ቢጤ ነው፣ ይህን መምህሬ በአለንጋ ነው ያስተማሩኝ። ብነካው ቀለሙ እርጥብ ነው፣ ጣቴ ጠቆረ። ጥቁር ቀለም አጠገቤ አልነበረም፣ እመነኝ።

በአረንጓዴ ሸፈንሁት። ደመና መጥቶ ሲገለጥ ሰውየው ከዋርካው ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። አሁንም ሸፈንሁት። ከሸራው ጀርባ ጠብ ጠብ የሚል የእግር ኮቴ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ዝናብ ነው ብዬ እጄን ብዘረጋ አንዲት ጠብታ የለም፣ ቀና ስል ሰውየው ከጋራው ግርጌ ወንዙ ዳር ደርሷል። ሻምበሉ አንገቱን አስግጎ ሸራዬን አየና «ጎበዝ፣ ዛሬ ጥላው ጥሩ ነው» አለ። ሰውየውን አላየውም ወይስ አይቶ ዝም አለኝ?

እኔ ግን ገባኝ፣ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ከእነጥሩነህ መካከል አንዱ ሊሸጣቸው ወደ ቡሬ እየወረደ ነው! ሻምበሉ ብሩሾቹን ሊያጥብ ፈቀቅ ሲል የወንድሜ ሚስት ይመኙሻል እንሥራዋን አዝላ ስታልፍ አየኋትና ጠራኋት።

«ለጥሩነህ ዛሬውኑ ላኪበት፣ ጥቁር ለምድ ለብሶ ወደ ቡሬ የሚወርድ ሰው ካለ ከሃዲ ነው በይው።»

«ምነው ምን ሰሙ? በዓይንዎ አዩት?»

«በዓይኔ አየሁት» አልኋት። መቼስ ውሸት አልነበረም።

በማግሥቱ እማኙ የሚባል ገበሬ ወንዙ ዳር ተገድሎ ተገኘ፣ ጥቁር ለምዱ ትከሻው ላይ እንዳለ። ለአርበኞቹ ስንቅ የሚያቀብል ሰው ነበር። ሚስቱ ጨው ሊያመጣላቸው ነው የወረደው ትላለች፣ ባዶ ከረጢትም ወገቡ ላይ ታስሮ ነበር። ጋራው አልተነካም፣ ጥሩነህም በሕይወት አለ፣ «አንተ ነህ ያተረፍኸኝ» ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኛል። ምክንያቱም ቆይቶ አንድ ነገር ታየኝ፣ ከመንገድ ዳር ተቀምጠህ ጋራውን አግድም ይዞ ወደ ቡሬ የሚወርድ ሰው ስታይ በጎን ካልሆነ በምን ታየዋለህ? ጻድቅስ ቢሆን? ታዲያ ያ ሥዕል ከሃዲውን ነው ያሳየኝ ወይስ አንድ መንገደኛ?

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የእማኙ ሚስት እቤቴ ድረስ መጣች። የላክሁትን መልእክት እስከ ዛሬ አታውቅም። «ጌታዬ፣ ባሌን ከእመቤታችን እግር ሥር ሰግዶ ይሣሉልኝ፣ ግን ፊቱን ወደ እኔ ያድርጉት፣ ሳስቀድስ እንድንተያይ» አለችኝ። እሺ አልኋት። አምስት ጊዜ በሁለት ዓይን ሥዬ አሳደርሁት፣ አምስቱንም ጊዜ ጠዋት ሳየው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አገኘሁት። ከቅዳሴ ስንወጣ «ደረሰልኝ ወይ?» ትለኛለች፣ እኔም ገና ቀለሙ አልደረቀም እላታለሁ።