ስድስቱም ይሰማሉ

ጋራዡ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የመካኒኩን ጆሮ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ በሚሠራ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ይቅርታ፣ ሞተር የሚያድሰው...»

«ዝም በይ አንዴ!»

አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ እጁ በግራሶ የተለወሰ ሰው ዝም ሲያሰኘኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ብቻ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

የአባቴን አሮጌ መኪና ነበር ያመጣሁት። ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ ግቢያችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የቆመ።

«መቼ ያልቃል?» አልኩት።

«ብረቱ አሥራ አንድ ዓመት ታግሦ አንቺ ሁለት ወር ያቅትሻል?»

ባልደረቦቹ «ኤሊው» ይሉታል። አንዱማ «እህቴ፣ ኤሊው ጋ የገባ መኪና የሚወጣው ለልጅ ልጅ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ያልነገርኩት ነገር ነበር። የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ «ቢበዛ ሦስት ወር» ብሎናል። አባባ ደግሞ ሳይጨልምበት መኪናውን አንዴ ራሱ መንዳት ፈልጓል። «ለሰው ብትነግሪ አልምርሽም» አለኝ። ከንፈር እንዲመጠጥለት አይወድም። አፌን ዘጋሁ።

በየቅዳሜው እሄድ ጀመር። ሲሊንደሮቹ ተሞረዱ፣ አዳዲስ ፒስተኖች ገቡ። በአንዱ አሮጌ ካርቡራተር ፋንታ ሁለት ገጠመለት።

«ትንሽ ጉልበት እንጨምርለት» አለኝ። «ብዙ ግን አይሆንም። ሽማግሌ ነው፣ አናዋርደው።»

የሞተሩ ክዳን የሚታሰር ዕለት ኪያቤውን አስያዘኝ።

«ብሎኖቹን ከመሐል ጀምረሽ ወደ ዳር። ሦስቴ ትዞሪያለሽ። በአንዴ ካጠበቅሽው ይጎብጣል።»

እጁን እጄ ላይ አደረገ።

«ጠበቀ?» አልኩት።

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ገና...»

ጠብቆ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

በሁለተኛው ወር፣ ያልቃል በተባለበት ቅዳሜ ስደርስ ሞተሩ ተበታትኖ ጠበቀኝ።

«አንድ ድምፅ ሰማሁ። ደግሜ ልየው» አለ።

ሌላ ሳምንት። ከዚያም ሌላ። አራት ሳምንት ሆነ። ተነጫነጭኩ። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ሌላ ቅዳሜ በማግኘቴ ውስጤ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን አባባ ከመኝታ ቤቱ ጠራኝ።

«ልጄ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

ከጧቱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐይ ፊቱ ላይ ነበረች።

ስረጋጋ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ሞተሩ ተገጥሞ እየሠራ ነው። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«መቼ አለቀ?» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። «ከአራት ሳምንት በፊት... ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ካለቀ አትመጪም ብዬ ነው የፈታሁት።»

«አባቴ ዛሬ ማየት አቆመ። ይህን መኪና ሊነዳ ነበር የሚጠብቀው።»

የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም?!»

«አንተስ?»

ቁልፉን ተቀብዬ መኪናውን ይዤ ወጣሁ።

አባባን አጠገቤ አስቀምጬ እኔ ነዳሁ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ።

«ስድስቱም ይሰማሉ» አለ። «የሠራው ልጅ እጁ ይባረክ። ለምን አላመጣሽውም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ አባባ።»

የታደሰ ሞተር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ክዳኑ እንደገና ይጠበቃል። ስለዚህ ተመልሼ ሄድኩ። ኤሊው ከመሐል ወደ ዳር ሦስቴ ዞረ። ኪያቤውን አላስያዘኝም።

«አባቴ አመስግኚልኝ ብሎኛል» አልኩት።

እጁ ቆመ። «ማዘግየቴን ነገርሽው እንዴ?»

«አልነገርኩትም።»

ይቅር ልለው ፈልጌ ነበር። ግን እሱን ባየሁ ቁጥር «መብራት ጠፋ እንዴ?» የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል። እሱም ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

«ጠበቀ?» አልኩት።

«ጠበቀ» አለ። ወዲያው።

«ሌላ ጊዜ መቼ ላምጣው?»

ከእኔ አፍ የወጣ ጥያቄ መሆኑን ማመን አቃተኝ።

«አያስፈልግም» አለኝ። «ከእንግዲህ ዘይት መቀየር ብቻ ነው። ያንን ሰፈርሽ ያለ ጋራዥም ይሠራልሻል።»

የመኪናውን ኮፈን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ዘጋው። አስነሳሁት። ስድስቱም ይሰሙ ነበር።