ቀዩና ነጩ ሳይሰካ

ይህን ሳወራ «ፊልም ነው» የሚሉኝ አሉ። ፊልም ቢሆን ደስ ባለኝ!

የፈትያ ሱቅ ዛሬም ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር አለ። ሄዳችሁ ስለዚያ ቀን ብትጠይቋት መጀመሪያ የምታደርገው ቀኝ እጇን በቀሚሷ መጥረግ ነው። ከዚያ ነው የምታወራው።

2005 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

ፈትያ ጎረቤቷ እትዬ ደስታነሽ ቤት ተቀምጣለች። ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለጥበቃ ነው።

የእትዬ ደስታነሽ አንድያ ልጅ፣ ሳያት፣ ቤይሩት ሞታለች።

እናት ግን አልሰማችም...

ወሬው የመጣው በፈትያ ሱቅ ስልክ ነበር። ፈትያ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ኩማ ነገረች። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ መርዶው ነገ ሊነጋ ሲል ይነገር አሉ። እስከዚያ ወሬ እንዳያመልጥ አንድ ሰው እናትየው ዘንድ ይዋል ተባለ። ዕጣው ፈትያ ላይ ወደቀ።

«ፈቱ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው እትዬ።»

ሳያት ስትሄድ ሻንጣውን ከሱቋ መርጣ የሰጠቻት እሷ ናት። «ኤርፖርት እንዳይጠፋብሽ» ብላ እጀታው ላይ አረንጓዴ ሪባን ያሰረችላትም እሷው ናት። ዛሬ የዚያችን ልጅ እናት ዓይን ማየት አቅቷት መሬት መሬት ታያለች።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ።

አንዲት ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ካርቶን ታቅፋ ቆማለች። «ሳያት ከወር በፊት የሰጠችኝ ነው። ማጫወቻ ነው፤ ራሷን የቀረጸችበት ሲዲ ውስጡ አለ ብላለች» አለችና ባጃጅ እየጠበቃት ስለሆነ ተመልሳ ሮጠች።

እትዬ ደስታነሽ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቀፉት። «ስልኳ ከተዘጋ ስንት ጊዜዋ! ጌታ ሆይ፣ ልጄን ልታሳየኝ ነው! ፈቱ፣ ሩጪ፣ ደረሰን ጥሪልኝ!»

ፈትያ ሮጠች።

ደረሰ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። እጁ ሥራ ያውቃል፤ አፉ ግን ዕረፍት አያውቅም።

«ዲቪዲ አይደለም እኮ እትዬ፣ ብሉሬይ ነው! ጥራቱ ለጉድ ነው፣ ፊት ላይ ያለውን ላብ ሳይቀር ያሳያል። ችግሩ ያንቺ ቲቪ የድሮ ነው፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ መሰኪያ የለውም። በባለ ሦስቱ ገመድ እንሞክረዋለን። ቢጫው ለምስል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ።»

ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስቶ ከኋላ ገባ። ቢጫውን ሰካ።

ስክሪኑ ጠቆረ... ሰማያዊ ሆነ...

ከዚያ ሳያት መጣች።

ነጭ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ፀጉሯ ርጥብ ነው። ውሃው ትከሻዋ ላይ ጠብ ይላል።

«ልጄ! የኔ እናት! ከሳች፣ አይታይሽም ፈቱ? ከሳች!»

 

«ቆይ ድምፁን ልሰካው» አለ ደረሰ።

«እማዬ...»

ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወጣ።

ደረሰ ቀና አለ። ቀዩና ነጩ ገመድ ገና እጁ ላይ ናቸው።

ፈትያን አያት። ፈትያም አየችው።

«እማዬ... ነገ ሳይነጋ ሰዎች ይመጣሉ።»

ያ አላህ!

«እንዳትከፍቺላቸው። የሚነግሩሽን እንዳትሰሚ። አንቺ እስካልሰማሽ ድረስ... መንገድ ላይ ነኝ።»

«እሺ ልጄ! እሺ!» እትዬ ደስታነሽ ስክሪኑን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

ምስሉ ጠፋ።

ደረሰ ቁልፉን ተጭኖ የማጫወቻውን አፍ ከፈተው። ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየው። ከዚያ ወደ ፈትያ ጆሮ ተጠጋ።

«ባዶ ነው።»

«ምኑ?»

«ሲዲ የለበትም... ፈትያ፣ ምንም የለበትም።»

መፍቻውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ያ ወሬኛ ሰውዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ቤት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

እትዬ ደስታነሽ የፈትያን እጅ ያዙ። «ነገ ማን ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ...»

«ታውቂያለሽ። ፊትሽ ይናገራል። እባክሽ አስቀሪያቸው። በልጆችሽ ይዤሻለሁ!»

ፈትያ በቀጥታ አቶ ኩማ ቤት ሄደች።

«አባባ፣ መርዶው ይቆይ።»

«ለምን?»

ምን ትበላቸው? የሞተችዋ ልጅ በቴሌቪዥን መጥታ ለመነች ትበል?

«ዝም ብሎ... ትንሽ ይቆይ።»

«አንቺ ልጅ፣ አስከሬኑ ነገ ማታ ይገባል እኮ። እናት ሳትሰማ ሳጥን በር ላይ ይውረድባት? በይ ሂጂ፣ አንቺም ደክሞሻል።»

እውነታቸውን ነው። ክፋት የላቸውም። ያንን ነው ፈትያ እስከ ዛሬ እየደጋገመች የምትለው።

ንጋት ላይ ሰዎቹ ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ግቢው ውስጥ ቆሙ። የቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፏል።

አቶ ኩማ ፈትያን ወደፊት ገፋ አደረጓት። «ያንቺን ድምፅ ስትሰማ ትከፍታለች።»

«እትዬ ደስታነሽ... እኔ ነኝ።»

ከበሩ ጀርባ፣ ቅርብ፣ ሹክሹክታ መጣ። «ፈቱ፣ ትንሽ አቆይልኝ። ደርሳለች። አይሰማሽም?»

«ምኑ እትዬ?»

«ስሚ እስቲ...»

ፈትያ ጆሮዋን ጣለች።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከታች፣ ከአስፋልቱ በኩል...

ቀ-ቀ-ቀ-ቀ-ቀ...

ሻንጣ ነው። አዲሱ ኮብልስቶን ላይ የሚጎተት የሻንጣ ጎማ። ዳገቱን እየወጣ ነው።

እየቀረበ...

እየቀረበ...

ፈትያ ዞረች። «ቆዩ! በአላህ፣ ማንም እንዳይናገር! አባባ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ!»

«ይህቺም ልጅ አልቻለችም» አሉ አቶ ኩማ በሐዘኔታ። ወደ በሩ ተጠግተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ደስታነሽ፣ ልጄ፣ ጠንክሪ። ሳያት አርፋለች።»

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ እሪ አሉ።

ከውስጥ እትዬ ደስታነሽ «አልሰማሁም! አልሰማሁም!» ብለው ጮኹ... ደጋግመው ጮኹና ድምፃቸው ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ።

ሰምተዋል።

ጎማው ቆመ።

ፈትያ ሰዉን እየገፋች ወደ ውጭ በር ሮጠች። ከፈተችው።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ላይም ታችም የለም።

ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ መሃል፣ ሻንጣ ቆሟል። እጀታው ወደ ላይ ተስቧል። አረንጓዴ ሪባን ታስሮበታል።

ፈትያ ሄዳ እጀታውን ያዘችው።

ርጥብ ነው...

የሰው እጅ ሙቀት ገና አልለቀቀውም።